ከጣሪያ የወጣ በወለል ይገባል

ዙምራድ ዓይኗን ጨፍናለች እንጂ አልተኛችም። እንቅልፍ ከተጣላት ሰንብቷል፤ ሌሊት እምቢ ያለ እንቅልፍ ቀን ይመጣል ብላ ጋደም ማለቷ የዋህነት ነው፣ እንቅልፍም እንደ ሰው ነው፣ አንዴ ከናቀሽ ናቀሽ ነው። ግንቦት ነው፣ ቀትር ነው፣ ለሥራ በመጣችበት ባዕድ አገር፣ ጋንዲናጋር ውስጥ ውሻ እንኳ ከቆመ መኪና ሥር ንቅንቅ የማይልበት ሰዓት፤ አገሩ ሁሉ ምሳውን በልቶ፣ አሬራውን ጠጥቶ፣ መጋረጃውን ጋርዶ ተዘርሯል። መስኮቱ ላይ የተገጠመው በውሃ የሚሠራ ማቀዝቀዣ ይንዶቀዶቃል እንጂ አያቀዘቅዝም። ታች ቤት አከራይዋ ማንጁላ-ቤን ያንኮራፋሉ፤ እሳቸው ምን አለባቸው፣ በሃይማኖታቸው ሽንኩርት አይበሉ፣ እንቁላል አይበሉ፣ ትንኝ እንኳ ነፍስ አላት ብለው አይገድሉ፣ የሚበሉት የተከራይ ጆሮ ብቻ ነው፤ ትናንት ደረጃው ላይ አፍንጫቸውን ቀና አድርገው «ዙምራድ-ቤን፣ ሽንኩርት ነው የሸተተኝ ወይስ ተሳስቻለሁ?» ይሏታል፣ እሷም «ተሳስተዋል ማንጁላ-ቤን፣ የሸተትኩዎት እኔ ነኝ» ትላቸዋለች፣ ሴትዮዋም ቀልድ መስሏቸው ይስቃሉ። ቤን ማለት እህት ማለት ነው፣ እዚህ አገር ሴት ሁሉ እህት ናት፣ እህትነቱ ግን ከደረጃው በላይ አይወጣም። እና ዛሬ አርብ ነው፤ አርብ በዘጠኝ ሰዓት ከትውልድ አገሯ ከማርጊላን ስልክ ይደወላል፣ ታናሽ እህቷ ሁልካር ትንሽ ታወራና «ዳዳን ላገናኝሽ» ትላለች፣ አባታቸውን ማለቷ ነው፣ ከዚያ የአባታቸው ድምፅ ይመጣል። እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ዙምራድ የሚመጣው አባቷ ነው ብላ ታምን ነበር። አሁን አታውቅም፣ ሰዓቱ ደግሞ እየደረሰ ነው።

ነገሩ የጀመረው ጠዋት በምትሠራበት የምርምር ተቋም ውስጥ፣ ኮምፒውተሯ ፊት ነው። የዙምራድ ሥራ ማስመሰል ነው። ስድብ አይደለም፣ ሙያ ነው፣ ደሞዝ ይከፈልበታል። ፀሐይ ላይ ከመጋሉ የተነሣ አተሞቹ የተበታተኑ ጋዝ አለ፣ ፕላዝማ ይሉታል፣ በውስጡ የማግኔት መስመሮች አንዱ ወደዚህ አንዱ ወደዚያ ይሄዳሉ፤ ሁለቱ ተገፋፍተው መሃላቸው ያለው ንጣፍ ሲሳሳ መስመሮቹ ይበጠሱና ከባዳው መስመር ጋር ይቀጣጠላሉ፣ መቀጣጠል በሁለቱም ትርጉሙ፣ ተቀጥለውም ይነዳሉም፣ ታፍኖ የኖረው ጉልበት በግራና በቀኝ ፈንድቶ ይወጣል። የሰው ሁሉ ጥያቄ ይሄ ነገር ለምን እንዲህ ይፈጥናል ነው። የድሮው ስሌት ወራት ይፈጃል ይላል፣ ፀሐይ ደግሞ በደቂቃዎች ትጨርሰዋለች፣ ስሌት አታነብማ። ፀሐይ ዘንድ ሄዶ የሚያይ የለምና በማሽን ውስጥ የሐሳብ ሳጥን ይሠራሉ፤ ኤሌክትሮንና ፕሮቶን ይሞሉበታል። ፕሮቶኑ በእውነተኛ ክብደቱ ከገባ ማሽኑ አይችለውም፣ ስለዚህ አቅልለው ያስገቡታል፣ ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አያፍርም፤ ዙምራድ ይህን የሰማች ዕለት ሳቀች፣ ይሄስ እኔን ነው፣ ክብደቱን በር ላይ ትቶ የሚገባ ስደተኛ። ሳጥኑን ሞልተው ዝም ቢሉት ደግሞ መስመሮቹ ተፋጠው ይቀራሉ፣ ምንም አይሆንም፣ ስለዚህ ነካ ያደርጉታል፣ ትንሽ ነቅነቅ፤ ሕይወት ያለው ነገር ሲነኩት ይናገራል። ሳጥኑ ግድግዳ የለውም። በቀኝ የወጣ በግራ ይገባል፣ ከጣሪያ የወጣ በወለል ይገባል፣ ሕጉ ይሄ ነው፣ ወጥቶ የሚቀር የለም። በዚህ ሕግ ምክንያት አንድ ንጣፍ ብቻ ማስገባት አይቻልም፣ ሁለት ያስፈልጋል፤ አንዱ የምታጠኚው፣ ሌላው ሒሳቡ እንዲገጥምልሽ የምትጨምሪው፣ ማንም የማያየው። ዙምራድና ሁልካር ማለት ነው፣ ብላ አሁን ታስባለች፣ ያን ጊዜ አላሰበችም።

በብርዱ ወራት ዙምራድ ሁለተኛ ፍጥነት አገኘች። ንጣፉ ይቀጣጠላል፣ ይፈጥናል፣ እንደተለመደው ይደክማል፣ ከዚያ ሁሉ ሰው አለቀ ብሎ ፊቱን ሲያዞር እንደገና ተነሥቶ ከመጀመሪያው ይብሳል፤ ይሄን ማንም አይቶ አያውቅም። የክፍሉ ኃላፊ ሐስሙክ-ባይ፣ ባይ ወንድም ነው፣ ስማቸው ራሱ ሳቂታ ማለት ነው፣ ዘለሉ ማለት ይቻላል፤ «ዙምራድ-ቤን፣ አንቺ እዚህ የመጣሽው በእግዜር ነው! የጥናት ወረቀቱን አሁኑኑ ጻፊ፣ ሌላ ሰው ሳይቀድመን!» አሉ፣ ውሏ እንደሚታደስም እንደ ዋዛ ጣል አደረጉ። በሴሚናሩ ላይ ፓራግ እጁን ያነሣል፤ ፓራግ ጎኗ ያለው ጠረጴዛ ላይ የሚሠራ፣ ሆዱ ከእሱ ቀድሞ በር የሚገባ፣ ደግ ሰው ነው፣ ደግነቱ ያስጠላታል። «ዙምራድ-ቤን፣ ሳጥኑን አስፍተሽ ሞክረሻል? ሁለቱ ንጣፎች የተቀራረቡ መሰለኝ» አለ። ይሄ ጥያቄ በዚህ ሙያ ውስጥ እጅሽን ታጥበሻል ወይ እንደማለት ነው፣ አለመታጠቧን ታውቃለች፣ ሰፊ ሳጥን ለማስኬድ የትልቁ ማሽን ወረፋ ረጅም ነው፣ እሷ ደግሞ ቸኩላለች። «ፓራግ-ባይ፣ የእኔን ሳጥን ከምታሰፋ የራስህን ሆድ አጥብበህ ሞክር» አለችው። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ፣ ሐስሙክ-ባይ ዕንባቸውን ጠረጉ፣ ፓራግም አብሮ ሳቀ፣ ሳቁ ግን ጆሮው ድረስ ቀልቶ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ከቤት የሚያመጣውን ቂጣ ቆርሶ ጠረጴዛዋ ላይ ማስቀመጡን ተወ። አሸነፍኩ ብላ ነበር፣ እንዲያውም ያን ቀን ደህና እንቅልፍ ተኝታለች፣ የመጨረሻው ደህና እንቅልፏ እሱ ሳይሆን አይቀርም።

በዚያው ሰሞን ነው ለሁልካር ያን ቃል የተናገረችው። ቃሉን አሁን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ልታስታውሰው አትፈልግም፣ እሱ ግን ይመጣል። ሁልካር ደውላ የዳዳ ደም ግፊት ወጣ፣ ሐኪሙ እንዲህ አለ፣ ጣሪያው አፈሰሰ፣ እያለች ትዘረዝራለች፤ ዙምራድ በአንድ ጆሮዋ ስልክ በሌላው ማሽኑ የሚስለውን የፍጥነት ኩርባ እያየች፣ በጆሮ አይታይም እንጂ እሷ ግን በጆሮዋም ኩርባ ነበር የምታየው፣ «ሁልካር፣ ስሚኝ» አለቻት፣ «ወረቀቴ እስኪያልቅ ድረስ መጥፎ ወሬ እንዳትነግሪኝ። ቤቱ ቢቃጠል አትንገሪኝ። ሰው ቢሞት ቅበሩና ዝም በሉ። ሲያልቅ ሁሉንም አንድ ላይ ትነግሪኛለሽ፣ እኔም አንድ ላይ አለቅሳለሁ።» ሁልካርም «እሺ ኦፓ» አለች፤ ኦፓ ታላቅ እህት ነው፣ በእነሱ ቤት የኦፓ ቃል የኦፓ ቃል ነው። ከዚያ በመጋቢት፣ በአዲስ ዓመታቸው በኖውሩዝ ማግስት ሁልካር ረስታ አንዲት ነገር አመለጣት፣ «ኦፓ፣ የዳዳን ድርጭት ድመት በላቻት»፣ ዙምራድም ጮኸችባት፣ «መጥፎ ወሬ አትንገሪኝ አላልኩሽም? የድርጭት መርዶ ልታረጂኝ ነው እንዴ?» ሁልካርም «ይቅርታ ኦፓ፣ ከእንግዲህ አልነግርሽም» አለች። አልነገረቻትምም።

ድርጭቷ የአባታቸው ነፍስ ነበረች። ሚራብ ኢርጋሽ ይባላሉ፣ ሚራብ የውሃ ዳኛ ማለት ነው፣ የመንደሩን የመስኖ ውሃ የሚያከፋፍሉ፣ የማን ቦይ መቼ ይከፈት የሚሉ፤ ሁልጊዜም መጀመሪያ የሚከፈተው የራሳቸው የአፕሪኮት ዛፎች ቦይ ነበር። ጎረቤት ሲማረር «ውሃ ሰው አያይም፣ የማየው እኔ ነኝ» ይላሉ። ሰው ይረግማቸዋል፣ እሳቸው መልሰው ይረግማሉ፣ የእሳቸው እርግማን ይሻላል፣ ቤት ይመታል። በደረቀ ቅል ውስጥ ያኖሯት የነበረችውን ድርጭት ብቻ ነው ክፉ ሳይናገሯት የኖሩት። ዙምራድ ለትምህርት ስትወጣ በር ላይ ቆመው «አላህ ወንድ ልጅ ነፈገኝ፣ አንቺን እንደ ወንድ ቆጠርኩሽ፣ አንቺ ጭራሽ አየር ሆንሽ» አሏት፣ ሻንጣዋን ግን ማንም እንዳይነካው ብለው ራሳቸው ተሸክመው መኪናው ላይ ጫኑት፣ ሲጭኑም «ድንጋይ ነው የሞላሽበት?» አሏት። ስትሮክ መትቷቸው አፋቸው ከተጣመመ ወዲህ ፊታቸውን በስልክ አሳይተው አያውቁም፤ ሁልካር ድምፃቸውን ቀድታ ትልካለች። የሚላከውም ያው ነው፣ «ገና አልጨረስሽም? ፀሐይ ሳትጠፋ ጨርሺ እንጂ!»፣ «የእህትሽ ሾርባ የእግር ማጠቢያ ነው፣ አንቺ ደግሞ እሱንም አትሠሪ»፣ እንዲህ እንዲህ። ሁልካር አንዴ እየሳቀች ነግራታለች፣ «ኦፓ፣ ድምፃቸውን ደጋግመው ነው የሚያስቀዱኝ፤ መጀመሪያ የሚሉት ለስላሳ ነው፣ ከዚያ ይሄን አጥፊው፣ አሮጊት አስመሰለኝ ይሉና ስድቡን ያስቀዱኛል።» ዙምራድም ስቃ ነበር። አጠፋሽው ወይ ብላ አልጠየቀችም።

ከኖውሩዝ ወዲህ ግን ዳዳ ተለወጡ። ሁልካር «አሁን በቀጥታ ማውራት ይፈልጋሉ» አለች፣ በየአርቡም ድምፃቸው ይመጣል፣ «ደህና ነኝ ልጄ። አንቺ ብቻ ደህና ሁኚ።» ይስላሉ። «ሥራሽን ሥሪ። ስለ እኛ አታስቢ።» ከዚያ ሁልካር «ደክሟቸዋል» ብላ ስልኩን ትቀበላለች። ልጄ! ሚራብ ኢርጋሽ ልጄ አሉ! ዙምራድ የመጀመሪያውን አርብ እዚሁ አልጋ ላይ ተቀምጣ በደስታ አለቀሰች፣ ሰው ሲታመም ይለሰልሳል፣ እግዜር ይስጠው ለበሽታው አለች፣ ይሄን በአፏ አለች። የውጭ ዜጎች መመዝገቢያ ቢሮ የሄደች ዕለት፣ ያ የማያልቅ ወረፋ፣ ያ አንዱ መስኮት ወደ ሌላው መስኮት የሚልክሽ ቤት፣ ጸሐፊው ቀና ሳይል «አባት በሕይወት አለ?» ብሎ ሲጠይቃት «አሉ» አለችው፣ «እንዲያውም ዘንድሮ ነው አባት የሆኑት።» ጸሐፊው ቀና ብሎ አያት፣ «አለ ወይስ የለም፣ ግጥም አልጠየቅኩሽም» አላት። አለ በል አለችው፣ እሱም አለ አለ፣ ማኅተም ተመታበት።

ዛሬ ጠዋት የሰፊው ሳጥን ውጤት ወጣ። ወረፋውን በልመና ነው ያገኘችው፣ ፓራግን ዝም ለማሰኘት፣ በወረቀቱ ላይ አንዲት መስመር ለመጨመር፣ አሰፋነው፣ ያው ነው ለማለት። ያው አይደለም። ሳጥኑ ሲሰፋ ሁለተኛው ፍጥነት የለም። ንጣፉ ይቀጣጠላል፣ ይፈጥናል፣ ይደክማል፣ ደክሞ ይቀራል፣ እንደ ማንኛውም ፍጡር። በትንሹ ሳጥን ውስጥ የነበረው ጉድ እንዲህ ነው፤ አንዱ ንጣፍ ሲነድ ያብጣል፣ እብጠቱ ከጣሪያው ወጥቶ በወለሉ ይገባል፣ ከኋላ መጥቶ ሌላውን ንጣፍ ይገፋዋል፣ ያም የተገፋው መልሶ ይሄን ይገፋዋል፤ ተፈጥሮ አይደለም፣ ፀሐይ አይደለችም፣ ራሱ የወጣው ነገር ዞሮ መጥቶ ነው፣ ቤት ሲጠብ እንደሚጋፉ ሰዎች ነው። አንድ ተማሪ ይሄን ቢሳሳት ይቆጡታል፣ እሷ ግን ሰው አስቃበት አለፈችው። ዙምራድ ማያው ፊት ቁጭ ብላ ሁለቱን ኩርባዎች ታያለች፣ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ፣ እሷ ሁለቱንም ሆና፣ ሞኝም ወረቀትም። ፓራግ ከኋላዋ ቆሞ አየው። ያየው መሆኑን ያወቀችው ትንፋሹን ስለሰማችው ነው። ቢስቅ ይሻላት ነበር፣ ቢሰድባት ትመልስለት ነበር፣ እሱ ግን የምሳ ሣህኑን ከፈተና ቂጣ ቆርሶ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠላት። እሷም ቂጣውን አንሥታ ቅርጫት ውስጥ ጣለችው፣ እያየ። ከዚያ ወደ ቤት መጣች።

መንገድ ላይ፣ በዚያ ፀሐይ፣ አንድ ነገር ብቻ ነው በጭንቅላቷ የሚዞረው፣ ከጣሪያ የወጣ በወለል ይገባል፣ የወጣውን ነገር አዲስ የመጣ ብለሽ አትቁጠሪ፣ ከመቁጠርሽ በፊት እይው፣ ሳሉን እይው። የምን ሳል? በተሳፈረችበት ባጃጅ ውስጥ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። ደህና ነኝ ልጄ፣ አንቺ ብቻ ደህና ሁኚ፣ ሳል፣ ሥራሽን ሥሪ። ያለፈው አርብ። የዚያኛው አርብ። ሳሉ መጀመሪያ ይቆርጣል፣ ከዚያ እንደ ሻካራ ጨርቅ ይጎተታል፣ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው፣ ግን ሰው እንዴት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ይስላል? ከሳሉ በኋላ ደግሞ ያ ድምፅ፣ ከኋላ፣ ከርቀት፣ ፒት-ፒሊቅ፣ ፒት-ፒሊቅ። ድርጭት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ይሄን ሁሉ አርብ ድርጭቷን እየሰማች፣ እንዲያውም ቤት ቤት እየሸተታት ደስ እያላት፣ ድመት የበላቻት ድርጭት መሆኗን አላሰበችም! ሹፌሩ «ቤን፣ ደረስን» አላት፤ አልወረደችም፤ «ቤን፣ ደረስን እኮ!» አላት እንደገና።

እና አሁን ጋደም ብላለች። ምናልባት ሌላ ድርጭት ገዝተዋል፣ ድርጭት ገበያ ሙሉ ነው። ምናልባት የጎረቤት ድርጭት ነው። ሳልም ያው ሳል ነው፣ የሽማግሌ ሳል ምን ዓይነት አለው? ትላለች፣ ውሸት መደርደሩን ታውቅበታለች፣ ሙያዋ ነው። ግን የአጎቷ ልጅ መልእክትስ? ከኖውሩዝ በኋላ በስልኳ የመጣው፣ «ዙምራድ፣ አላህ ትዕግሥቱን ይስጥሽ»፤ እሷም ምን ብላ መለሰች? ወይ ጉድ፣ «አሜን፣ ሥራ በዝቶብኛል እኮ» ብላ መለሰች! የአጎቷ ልጅ ከዚያ ወዲህ ጽፎላት አያውቅም። እንዴት ይጻፍላት? ምን ዓይነት ፍጥረት ናት ብሎ ለሚስቱ ነግሯል፣ ሚስቱ ለመንደሩ ነግራለች። በማርጊላን ሰው ሲሞት ወንዶች ልጆቹ ወገባቸውን በሻሽ ታጥቀው፣ ቆባቸውን ደፍተው በር ላይ ይቆማሉ፣ ለቀስተኛ ይቀበላሉ፤ ሚራብ ኢርጋሽ ወንድ ልጅ የላቸውም፣ እንደ ወንድ የተቆጠረችው ደግሞ ጋንዲናጋር ቁጭ ብላ ትንሽ ሳጥን ታስመስላለች፤ ታዲያ ማን ቆመላቸው? የውሃ ጠላቶቻቸው ይሆናሉ የቆሙት፣ ያ ቦዩን ሲነፍጉት የኖሩት ጎረቤት ወገቡን ታጥቆ፣ በሆዱ ተመስገን እያለ። ሁልካር ሰማያዊ የሐዘን ልብሷን ለብሳ ውስጥ ስታለቅስ፣ ከዚያ አርብ ሲደርስ ዕንባዋን ጠርጋ፣ በአንድ እጇ አንዱን ስልክ፣ በሌላው እጇ ያልጠፋውን ድምፅ የያዘውን ስልክ አስጠግታ። አሮጊት አስመሰለኝ ብለው አጥፊው ያሉትን። የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው ይባላል፣ ሰው ከሞተ በኋላ ይወደሳል ለማለት ነው፤ የእሷ አባት ግን ከሞቱ በኋላ ነው ልጄ ማለት የጀመሩት። ማስመሰሉን ሁልካር ከማን ተማረችው? እሷ እንኳ ድርጭቷን ማጥፋት አላወቀችበትም፣ ጀማሪ ናት፣ ከድምፁ ጀርባ ያለውን አላጸዳችም። ዙምራድ ይሄን ስታስብ ሳቋ መጣ፣ ትራሱን ነክሳ ሳቀች፣ ታች ማንጁላ-ቤን ማንኮራፋታቸውን አቋረጡ።

ግን አልተረጋገጠም። ትላለች። አልሞቱም ይሆናል፣ ሳይነኩ አይታወቅም፤ ሳጥኑን ነካ ሳያደርጉ ሕይወት አለው የለውም አይባልም። እነካዋለሁ። ሚራብ ኢርጋሽ በሕይወት ካሉ ምን እንደሚያናግራቸው አውቃለሁ፣ በአንዲት ቃል ከመቃብር ይነሣሉ፣ ከመቃብር ካሉ ማለቴ አይደለም፣ እንዲያው ለአባባል ነው። ተነሥታ ፊቷን ታጠበች፣ ቧንቧው የሚያወጣው የፈላ ውሃ ነው። ለምን እንደምትታጠብ አታውቅም፣ በስልኩ ፊቷ አይታይ። ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ጠበቀች።

ስልኩ ጮኸ።

«ኦፓ፣ እንዴት ነሽ? ሙቀቱ እንዴት አደረገሽ?»

«ይፈጃል። እናንተስ?»

«ደህና ነን። አፕሪኮቱ ሊበስል ነው፣ ዘንድሮ ፍሬው ትንሽ ነው።»

«ውሃ አጣ?»

«ውሃው በተራ ነው የሚለቀቀው ኦፓ። አሁን ለሁሉም በተራ ነው።»

ለሁሉም በተራ! ሚራብ ኢርጋሽ በሕይወት እያሉ? ሁልካርም የተናገረችው ቶሎ ገባት መሰለኝ ድምፅዋ ፈጠነ፣ «ዳዳን ላገናኝሽ፣ እዚሁ አጠገቤ ናቸው።» ጨርቅ ሲፈተግ ይሰማል፣ አንድ ነገር ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ይሰማል።

«ደህና ነኝ ልጄ። አንቺ ብቻ ደህና ሁኚ።» ቆረጥ አድርጎ የሚጎተተው ሳል። ፒት-ፒሊቅ።

«ዳዳ» አለች ዙምራድ፣ «ሰው ሁሉ ሚራብ ኢርጋሽ ሌባ ነበር እያለ ነው። የድሀ ውሃ እየሰረቀ አፕሪኮቱን አጠጣ ይላል። እኔም እውነታችሁን ነው አልኳቸው። ሌባ ነዎት አልኳቸው።»

ጠበቀች። ዓይኗን ጨፍና፣ መላ ገላዋን ጆሮ አድርጋ ጠበቀች፤ ይሰድቡኝ፣ አንቺ ውሻ ይበሉኝ፣ ያሳደገሽ ያ ውሃ ነው ይበሉኝ፣ ጡቴን አልጠባሽም እንጂ ጠብተሽ ቢሆን ይርገምሽ ነበር ይበሉኝ፣ እንደፈለጉ፣ እባክዎ ዳዳ፣ አንድ ስድብ፣ አንድ ብቻ።

«ሥራሽን ሥሪ» አለ ድምፁ በቀስታ። «ስለ እኛ አታስቢ።»

ማቀዝቀዣው ይንዶቀዶቃል። ውጭ አንዲት ጣዎስ ጮኸች፣ ዝም አለች። ዙምራድ ከዚያ በኋላ የተናገረችውን ልትናገረው አላሰበችም፣ ብቻ ከአፏ ሲወጣ ሰማችው፣ እንደ ደንቡ፣ አባት በሚጠራበት አክብሮት።

«ዳዳ፣ ሞተዋል እንዴ?»

በዚያኛው ወገን፣ በስልክ መስታወት ላይ፣ የጣት መታ መታ የመሰለ ድምፅ ተሰማ፣ አንዴ ሳተ፣ እንደገና።

«ደህና ነኝ ልጄ። አንቺ ብቻ ደህና ሁኚ።» ሳል። ፒት-ፒሊቅ፣ ፒት-ፒሊቅ።

ዙምራድ እህቷ ስታለቅስ እሰማለሁ ብላ ነበር፣ ማልቀስ የለም፣ አፍንጫ መሳብ የለም፤ ትንፋሽ ብቻ፣ ሽማግሌ ያነሣች፣ ሽማግሌ ያጠበች፣ ብቻዋን በር የከፈተች የዘጋች ሴት ትንፋሽ። ሁልካር ስትናገር ድምፅዋ የደረቀ ነበር፣ እንደ ቢሮው ጸሐፊ ድምፅ፣ ቀና ሳይል እንደሚጠይቀው።

«ኦፓ፣ ወረቀትሽ አለቀ?»

ዙምራድ አፏን ከፈተች። ወረቀቱማ አልቆለታል፣ ዛሬ ጠዋት አልቆለታል፣ ዱቄት ሆኗል፣ ለሐስሙክ-ባይ ሰኞ ትነግራለች ወይም አትነግርም። አለቀ ብትል ሁልካር ያጠራቀመችውን ሁሉ አንድ ላይ ትነግራታለች፣ ቃሏ ነው፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ማን እንዳጠባቸው፣ ማን በር ላይ እንደቆመ፣ በመጨረሻ ማንን እንደጠሩ፤ እሷም አንድ ላይ ታለቅሳለች፣ ቃሏ ነው። አላለቀም ብትል እውነት ነው፣ ምን የሚያልቅ ነገር አለው፣ ከነአካቴው ከእንግዲህ አያልቅም። ሁልካር ትጠብቃለች፤ አታጣድፋትም። ዙምራድ በዕድሜዋ ሙሉ እንዲህ በትዕግሥት የጠበቃት ሰው የለም።

«አላለቀም» አለች።

«እንግዲያው ዳዳ ደህና ናቸው» አለች ሁልካር። «አርብ ያናግሩሻል።»

«ሰላም በይልኝ» አለች ዙምራድ።